በብርድ አገር የአኳሪየም ዓሣ ማሳደግ፦ ከደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ላይ የአኳሪየም ዓሣ አሳድጋለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ በመጡ ቁጥር መስታወቱን እያዩ «አንተ ልጅ፣ እነዚህን ብርድ አይመታቸውም?» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በየሱቁ የሚሸጡት ዓሦች ደግሞ አብዛኞቹ ከአማዞን፣ ከመካከለኛው አሜሪካና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃት ውሃዎች የመጡ ዝርያዎች ናቸው። ስለዚህ እዚህ ዓሣ ማሳደግ ይቻላል፤ ግን ለደጋ የሚሆን አካሄድ ይፈልጋል። ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ደጋማ ከተሞች ለሚኖሩና መጀመር ለሚፈልጉ ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ መስማማት ላንሳ። ሱቅ ገብታችሁ «ይሄ ከዚያኛው ጋር ይስማማል?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት መልስ ይነካከሳሉ ወይስ አይነካከሱም የሚለውን ነው። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ሁለቱ ዓሦች አንድ ዓይነት ውሃ ይፈልጋሉ ወይ? ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ደስ ብሎት ይኖራል፤ ከዚያ በታችም ይችላል። ቤታ ከ24 እስከ 28 ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቀምጡ ከሁለት አንዱ ሁልጊዜ እየተሠቃየ ነው። ጠብ አታዩም። የምታዩት አንዱ እየቀዘዘ፣ ምግብ እየተወ፣ ክንፉን እያጣበቀ መሄዱን ነው። ከዚያ በሽታ ይመጣል፤ መድኃኒት ፍለጋም ይጀመራል። ችግሩ ግን የጀመረው ሲገዙ ነው።

ስለዚህ ዓሣውን ከመምረጣችሁ በፊት ቤታችሁን እዩት። ቴርሞሜትር ግዙና ገንዳው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በባልዲ ውሃ ላይ አስቀምጡት። ጠዋት ማለዳ፣ ከሰዓትና ማታ ንባቡን ጻፉት። በኅዳር ብታደርጉት ይመረጣል፤ በግንቦት የተለካ ሙቀት ያታልላል። የእኛን ዓይነት ቤት፣ በተለይ በብሎኬት የተሠራና ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነውን፣ ቀን ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ሌሊት ደግሞ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ዓሣን ከቅዝቃዜው ይበልጥ የሚጎዳው ይህ መዋዠቅ ነው። አንድ ውሃ በቀንና በሌሊት መካከል 6 እና 7 ዲግሪ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ዓሣው በሽታን የመቋቋም አቅሙን ያጣል።

ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ያለ ሂተር (ያለ ገንዳ ውሃ ማሞቂያ) መሄድ ነው። ለዚህ ጎልድፊሽ አለ፤ ካገኛችሁ ደግሞ ዋይት ክላውድ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ጥሩ ነው። ዜብራ ዳኒዮም እስከ 18 ዲግሪ ድረስ ይችላል፤ ከዚያ በታች ግን አታስጨንቁት። ሁለተኛው መንገድ ሂተር ገዝቶ የሞቃት ውሃ ዓሦችን ማሳደግ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ግን መንገድ አይደለም።

ጎልድፊሽ «ቀላል» ተብሎ ስለሚሸጥ አንድ ነገር ልጨምር። ብርድ ይችላል፤ ጠባብ ቦታ ግን አይችልም። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያስወጣል፣ ያድጋል። በዚያ ክብ ብርጭቆ መሰል ነገር ውስጥ መሸጡ ያሳዝነኛል፤ የዓሣውን ዕድሜ ያሳጥረዋል። በደንብ የተያዘ ጎልድፊሽ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ለአንዱ ቢያንስ 75 ሊትር ገደማ አስቡ። ገንዳችሁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ለማወቅ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር አባዙና ለ1,000 አካፍሉት። 60 በ30 በ35 የሆነ ገንዳ 63 ሊትር ነው። ሌላው ነገር፣ ባለ ሁለት ጭራውና ድቡልቡሉ ጎልድፊሽ ቀርፋፋ ነው። ቀጭንና ፈጣን ከሆነው ባለ አንድ ጭራ ጋር ካኖራችሁት ምግቡን ሁሉ ይቀሙታል።

አሁን የደጋ ሰው ብቻ ወደሚገጥመው ጉዳይ ልግባ። ይኸውም አየር ነው። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ይቀንሳል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ያለ ውሃ፣ ባሕር ዳርቻ ካለ እኩል ሙቀት ካለው ውሃ ጋር ሲነጻጸር፣ ከሩብ በላይ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። እኛ ጋ 6 ገደማ ነው። አብዛኞቹ የአኳሪየም ዓሦች ከ5 በላይ ሲሆን ነው የሚመቻቸው። ያለን ትርፍ ጠባብ ነው ማለት ነው። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅን ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ሂተር ያለው ገንዳ ውስጥ የአየር ፓምፕ ሌሊትም ቀንም መሥራት አለበት። «ድምፁ እንቅልፍ ነሳኝ» ብለው ማታ ማታ የሚያጠፉት ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታጥፉት። የውሃ ተክል ካላችሁ እንዲያውም ሌሊት ላይ ተክሉም ኦክስጅን ይጠቀማል። ፓምፑን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታችሁ ቁራጭ ፎም ላይ ብታስቀምጡት ድምፁ በጣም ይቀንሳል።

በዚሁ ምክንያት፣ የውጭ ጽሑፎች «በዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚሉትን ቁጥር እኔ ቀንሼ ነው የምይዘው። 10 ከተባለ 7 አስገባለሁ። ገንዳው ባዶ አይመስልም፤ ዓሦቹም ይንቀሳቀሳሉ።

ስለ ሂተር። የተለመደው ስሌት ለ1 ሊትር 1 ዋት ነው። ያ ግን ክፍሉ 20 ዲግሪ ገደማ ለሆነበት ቤት ነው። የእኛ ክፍል በኅዳር ሌሊት ከዚያ በጣም ይወርዳል። እኔ ለ1 ሊትር 2 ዋት ገደማ ነው የማስበው፤ ከአንድ ትልቅ ሂተርም ሁለት ትንንሽ እመርጣለሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ቢያንስ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ይይዛል። አንዱ ሳይጠፋ ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ውሃውን እስከ መቀቀል አያደርሰውም። ክዳን የግድ ነው፤ ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በላይ በኩል ነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም ከገንዳው ሥርና ከጀርባው አድርጉ። ወጪው ምንም ነው፤ ልዩነቱን ግን በመብራት ቆጣሪው ላይ ታዩታላችሁ። ገንዳውን ከመስኮትና ከበር አርቁት። ውሃ ስትቀይሩ ደግሞ ሂተሩን መጀመሪያ ንቀሉት። ከውሃ ውጪ የጋለ ሂተር ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው መስታወቱ ይሰነጠቃል።

መብራት ሲሄድስ? ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣብኛል። ትልቅ ገንዳ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፤ 100 ሊትር ከ30 ሊትር ይበልጥ ረጅም ሰዓት ይታገሣል። ስለዚህ ለጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይቀላል የሚለውን አልቀበልም። መብራት እንደጠፋ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ መቼስ የብርድ ልብስ ከተማ ሰዎች ነን። ከላይ ግን አየር የሚገባበት ክፍተት ተዉ። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ውሃው ላይ አንሳፍፉት። ሲበርድ ቀይሩት። ሙቅ ውሃ በቀጥታ መጨመር አደጋ ነው። ምግብ አትስጡ፤ ያልበላ ዓሣ ውሃውን አያቆሽሽም፣ ኦክስጅንም በቁጠባ ይጠቀማል። በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ ግዙ። ከሂተሩም የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ቅዝቃዜው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ የአየር እጥረት ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይገድላል። ፓምፕ ከሌላችሁ በኩባያ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።

መብራቱ ሲመለስ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በዝግ ሣጥን ውስጥ ያለ ፊልተር (ውሃ ማጣሪያ) ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከሆነ፣ ውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ይሞታሉ፤ ውሃውም ይሸታል። ሳታጥቡት ብታስነሡት ያ ሁሉ መርዝ ዓሦቹ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፈቱት፣ አሽትቱት፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ አለቅልቁት። በአየር ፓምፕ የሚሠራው ቀላሉ የስፖንጅ ፊልተር ይህ ችግር ብዙም የለበትም። ዋጋው ትንሽ፣ አሠራሩ ግልጽ ነው። ለእኛ አገር የመብራት ሁኔታ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት እሱን ነው።

ባክቴሪያ ካልኩ ዘንድ ላብራራው፤ የዓሣ ጤና ግማሹ እዚህ ላይ ነው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ዓሣን ይመርዛል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። እሱም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ናይትሬት ብዙም አይጎዳም፤ ውሃ በመቀየር ይወገዳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በስፖንጁ፣ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም። እስኪበዙ ድረስ በ25 ዲግሪ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ለዚህ ነው ሰው ገንዳ ገዝቶ በማግሥቱ ዓሣ ሲሞላበት በሳምንቱ አንድ በአንድ የሚሞትበት። ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፤ አሞኒያ ግን ዓይን አያየውም።

ስለዚህ ገንዳውን ሙሉት፣ ፊልተሩን አስነሡ፣ ትንሽ የዓሣ ምግብ በየሁለት ቀኑ ጣል አድርጉና ጠብቁ። ጤነኛ ገንዳ ያለው ሰው ካወቃችሁ ከፊልተሩ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑት። የእርሾ ያህል ይጠቅማል። በመንገድ ላይ እንዳይደርቅ በገንዳው ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ አምጡት። ከዚያ ጥቂት ዓሣ ብቻ አስገቡ፤ ሌሎቹን ከሳምንታት በኋላ።

የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የናይትሬት መለኪያው አዲስ አበባ ይገኛል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም አስመጡ። በጠብታ የሚሠራው ከወረቀቱ ይበልጥ ያስተማምናል። አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። ፔኤቹ (ውሃው አሲዳማ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው ቁጥር) ከፍ ባለ ቁጥርና ውሃው በሞቀ ቁጥር ያው መጠን አሞኒያ ይበልጥ ይመርዛል። መለኪያ የሌላችሁ ደግሞ ዓሦቹን እዩ። ከውሃው አናት ላይ እየተንጠለጠሉ አፋቸውን የሚከፍቱ፣ ስንጥባቸው የቀላ፣ ፊልተሩ አጠገብ የተሰበሰቡ ከሆነ፣ ወዲያው ከሦስት አንዱን ውሃ ቀይሩ።

ሳምንታዊው ቅያሪ ግን ሩብ ያህል ይበቃል። ሙሉውን ማውጣት፣ አሸዋውን በሳሙና ማጠብ፣ ገንዳውን «ማጽዳት» ባክቴሪያውን ሁሉ ያጠፋል። ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ይገድላቸዋል። ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ በቂ ነው።

የቧንቧ ውሃን በሰፊ ባልዲ ወይም በርሜል ከፍታችሁ ለ24 ሰዓት አሳድሩት። የአየር ፓምፕ ብትከቱበት ክሎሪኑ ቶሎ ይወጣል። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን አትቅዱት፤ ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል፤ ክሎሪን የሚሸትበትም ጊዜ አለ። ውሃ አጋር የተጨመረበትን ጀሪካን ለዓሣ አታውሉት፤ ያም ክሎሪን ነው። ባልዲው ሳሙና ወይም ላርጎ ነክቶት የማያውቅ ይሁን። የአዲሱ ውሃ ሙቀት ከገንዳው በ2 ዲግሪ እንኳ እንዳይራራቅ፣ በማንቆርቆሪያ ያፈላችሁትን ቀላቅላችሁ በቴርሞሜትር አስተካክሉት። ያደረ ውሃ እኛ ጋ ምን ያህል እንደሚበርድ እጁን የታጠበበት ያውቃል።

ውሃችሁ ጠጣር ይሁን ለስላሳ ማንቆርቆሪያው ይነግራችኋል። ሥሩ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ማዕድን የበዛበት ጠጣር ውሃ ነው። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እኔ ቤት ያለው ቅርፊት ይይዛል። ስለዚህ ጋፒ፣ ፕላቲና ሞሊ ነው የያዝኩት፤ ጠጣርና ፔኤቹ ከ7 ከፍ ያለ ውሃ ይወዳሉ፤ በ25 ዲግሪ አብረው ይኖራሉ። ኒዮን ቴትራ ለስላሳና ትንሽ አሲድነት ያለው ውሃ ይመርጣል። እሱን ለማኖር በየሳምንቱ ኬሚካል እየጨመራችሁ ፔኤች ከምታወርዱ፣ ውሃችሁን የሚወድ ዓሣ ብትይዙ ይሻላል። የሚወጣና የሚወርድ ፔኤች ከፍ ብሎ ከረጋው ይከፋል።

ድንጋይ የምትጨምሩ ከሆነ፣ የከተማችን ዙሪያ ጥቁር ባዛልት ውሃውን አይቀይረውም። ከጀማ ሸለቆ የሚመጣው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ግን ቀስ በቀስ እየሟሟ ውሃውን ያጠጥረዋል። አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንቸፈቸፈ ኖራ አለበት። ለጋፒና ለሞሊ ችግር የለውም፤ ለኒዮን አይሆንም።

ስለ ጠባይ ባጭሩ። ሁለት ወንድ ቤታ አንድ ቦታ አይኖርም። ታይገር ባርብ ረጅም ክንፍ ያለውን ይነጫል። ኤንጀልፊሽ ሲያድግ ትንንሽ ኒዮኖችን ይበላል። ኦስካር 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። «መስታወት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጠው ተራው ፕሌኮም እንዲሁ። ኒዮንና ኮሪዶራስ ከ6 በታች ሲሆኑ ይፈራሉ። ጋፒ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይሁን፤ በወር በወሩ እንደምትወልድም አትርሱ።

ገንዳውን የምታስቀምጡበት ክፍልም ይታሰብበት። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ነው ወደ ውሃው የሚያስገባው። የከሰል ጭስ፣ ዕጣን፣ ሰንደል ሁሉ አብሮ ይገባል። ቡና የሚፈላው ሳሎን ውስጥ ከሆነ ገንዳውን ከረከቦቱ ራቅ አድርጉት። የዝንብና የበረሮ መግደያ ስፕሬይ ግን ፈጽሞ እዚያ ክፍል አይነፋ። ለነፍሳት የተሠራው መርዝ ዓሣንም ይገድላል። እንግዳ ልጆች ዳቦ እንዳይጥሉም ቀድማችሁ ንገሩ። በ2 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ምግብ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ በቂ ነው። ለበዓል ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ ጤነኛ ጎልማሳ ዓሣ 4 እና 5 ቀን ሳይበላ ምንም አይሆንም። ለማያውቅ ሰው አደራ ሰጥታችሁ ቆርቆሮውን ሙሉ ገልብጦባቸው ከመምጣት ያ ይሻላል።

እዚህ ደጋ ላይ በብዛት ያየሁት በሽታ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነው። ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፤ ገላውን ከድንጋይ ጋር ያሻሻል። ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ ብርድ የመታውን ዓሣ ቶሎ ይይዛል። የሚመከረው ሙቀቱን ወደ 28 ወይም 30 ዲግሪ ማድረስ ነው፤ የተውሳኩ ዑደት ይፈጥናል፤ መድኃኒቱም የሚደርስበት ከዓሣው ላይ ሲለቅቅ ነው። ግን ያ ምክር የእኛን ከፍታ አያውቅም። ሙቀቱ ሲወጣ ኦክስጅኑ ይወርዳል። ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ 1 ዲግሪ ብቻ እየጨመራችሁ፣ ሁለተኛ የአየር ድንጋይ (የፓምፑን አየር በአረፋ የሚበትነውን) አስገብታችሁ ሥሩ። ጎልድፊሽን እስከዚያ አታሙቁት። ለሊትር ከ1 እስከ 2 ግራም ጨው አሟሙቶ ቀስ በቀስ መጨመርም ይረዳል፤ ኮሪዶራስ ግን ጨው አይወድም። ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ሌላ ሳምንት ቀጥሉ፤ ቀሪው አሸዋው ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው አዲስ የመጣ ዓሣን ለ3 ሳምንት ያህል ለብቻው ማቆየት ነው። ስፖንጅ ፊልተርና ሂተር ያለው የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃል። ከአዲስ አበባ የምታመጡት ከሆነ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ፌስታሉ አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ የቀረው አየር ይሁን። ወደ ላይ ስለምትወጡ ፌስታሉ እየተነፋ ይመጣል፤ ጥብቅ ብሎ ከታሰረ ሊፈነዳ ይችላል፣ ድርብ አድርጉት። በፎም ሣጥን ወይም በጋቢ ጠቅልላችሁ በቀን ተጓዙ። ስትደርሱ ፌስታሉን ለ20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉ፤ ከዚያ የሳፋውን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩበት። የፌስታሉን ውሃ ድፉት፤ ዓሣውን ብቻ አስገቡ።

ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ወዳጆች ይህን ስታነቡ የብርዱ ምዕራፍ እንግዳ ይሆንባችኋል። እናንተ ጣርማበርን ተሻግራችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። የእናንተ ጉዳይ ሂተር አይደለም፤ በሚያዝያና በግንቦት ውሃው ከ30 እንዳያልፍ ነው። ክዳኑን አንሡ፣ በወንፊት መሰል መረብ ተኩት፣ የአየር ፓምፑን አጠንክሩ። በረዶ የሆነ ሃይላንድ አንሳፍፉ። የተነነውን ያደረ ቧንቧ ውሃ ብቻ እየጨመራችሁ አትተኩ፤ ውሃ ይተናል፣ ማዕድኑ ግን ይቀራል። ቀንሳችሁ ቀይሩ። ጎልድፊሽ ለእናንተ አይሆንም፤ ጋፒና ሞሊ ግን ያለ ሂተር ያምርባችኋል።

ዓሣ ማሳደጉን ለመተው የምታስቡ፣ ወይም ጋፒ በዝቶባችሁ የተቸገራችሁ፣ ሌላ የሚያሳድግ ሰው ፈልጋችሁ ስጡ። በረሳ ወንዝ ላይ አትልቀቁ። በረሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። ጎልድፊሽ ብርዱን ስለሚችል ወንዙ ውስጥ ተራብቶ የአገሩን ዓሣ ምግብ ሊሻማ፣ ከሱቅ የመጣ በሽታም ሊያዛምት ይችላል።